"የመንግሥት ደን" ሲባል ምን ይታያችኋል? ከሱባ እስከ ደሃና

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ጉዳይ ከዕለት ዜናው ትንሽ ዘወር ያለ ይመስላል። ግን አይደለም። ስለ ጫካ ነው፤ ስለ መሬት ነው፤ ልጆቻችን ስለሚማሩትና ስለማይማሩት ነገር ነው።

"የመንግሥት ደን" የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ላለ ሰውና ደሃና ላለ ሰው እኩል ብትጠሩላቸው የሚታያቸው ነገር ለየቅል ነው። የአዲስ አበባው ሰው መናገሻ ሱባ ይታየዋል፤ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በረጃጅም ጽዶች መሃል የሚሄድበት ቦታ። ለደሃናው ሰው ግን ቃሉ ክልከላ ነው፤ ጠባቂ የቆመበት፣ ፍየል ከገባች የምትያዝበት፣ ጭራሮ የለቀመ የሚቀጣበት ቦታ። አንዱ ለመግባት ይከፍላል፣ ሌላው ስለገባ ይቀጣል። ሁለቱም ግን "የመንግሥት ደን" ነው የሚባለው።

ጥያቄያችን ይሄ ነው። ዋግ ውስጥ፣ ለምሳሌ ደሃና ላይ፣ ሰው ገብቶ የሚማርበት፣ ታሪክ የሚያይበት፣ የአካባቢው ወጣትም እንጀራ የሚበላበት ደን ሊኖር አይችልም ወይ? ካልቻለስ ምን ይዞን ነው?

መጀመሪያ ሱባን እንያት

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ደን ነው። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ሲያዩት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት። ወፍ ዋሻ ዛሬም በሰሜን ሸዋ፣ ወደ አንኮበርና ደብረ ሲና አካባቢ ያለ ደን ነው። ነገሩን ልብ በሉልኝ፤ እናት ደኑ አማራ ክልል፣ ልጁ ደን ኦሮሚያ ክልል ነው ያለው። ዛፍ የክልል ወሰን አያውቅም።

በአጼ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ሱባ የዘውድ ደን ተብሎ ተጠብቋል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ተጨንቃ ስለነበር ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚያው ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ሱባን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

አንድ ተማሪ እዚያ ሄዶ ምን ያገኛል? ብዙ ነገር። ከታች ሲነሳ ጽድና ዝግባ ያገኛል። ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ ይጀምራል። ጫፍ ሲደርስ ዛፉ ሁሉ አጥሮ አስታ ይሆናል። "ከፍታ ሲጨምር እጽዋት ይለያያል" የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ አንቀጽ ልጁ በእግሩ ተራምዶት ይጨርሰዋል ማለት ነው። ጉሬዛ ያያል። ዕድል ከቀናው የምኒልክ ድኩላን ያያል፤ ይሄ ድኩላ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ነው። ከዚያ ወጥቶ ስለ ደን ድርሰት ጻፍ ቢባል የሚጽፈው ነገር አለው።

እንዳይመስላችሁ፣ ሱባም ያለ ችግር የቆመ ደን አይደለም። የማገዶ ፍላጎቱ፣ የከብት ግጦሹ፣ ከጎን የሚገፋው እርሻ ሁሌም አለ። ግን አንድ ትልቅ ነገር ተርፎለታል፤ ገብቶ ያየው ሰው ብዙ ነው። ነገ "ሱባ ሊጨፈጨፍ ነው" ቢባል የሚጮህለት ሰው አለ። ማንም ገብቶ አይቶት የማያውቅ ደን ሲጨፈጨፍስ ማን ይጮሃል?

ዋግ ምን አላት?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ደሃና ወረዳ መቀመጫዋ አምደ ወርቅ ነው። ከደጋው ተነስታችሁ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ስትወርዱ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አየሩም፣ አፈሩም፣ ዛፉም ይቀያየርባችኋል። ሱባ ላይ በአንድ ተራራ የሚታየው ለውጥ ዋግ ላይ በአንድ ብሔረሰብ ዞን ተዘርግቷል። ደጋው ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ፤ ቆላው ላይ ግራርና የእጣን ዛፍ።

ታሪኩስ? ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው። ከአጼ ቴዎድሮስ በኋላ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ ከዚሁ ቤት ናቸው። ሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ። ከወሰን ማዶ ላስታ ላይ ደግሞ ይምርሃነ ክርስቶስ፤ ዋሻ ውስጥ የታነጸ፣ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም የዛጉዌ ዘመን ሥራ። ዙሪያውን የከበበው የጽድ ደን ነው።

ይምርሃነ ክርስቶስ ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ምሳሌ ነው። አንድ ልጅ ውጭ ቆሞ ጽዱን ያያል፣ ገብቶ ደግሞ የዘጠኝ መቶ ዓመት ዕድሜ የተጠጋውን የእንጨት ሥራ ያያል። ዛፍና ታሪክ ሁለት የተለያየ ትምህርት አይደሉም። ደን ባይኖር ያ ቤተ ክርስቲያን በዚያ መልክ አይሠራም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ባይኖር ደግሞ ያ ደን እስከ ዛሬ አይቆምም ነበር።

ይሄ የይምርሃነ ክርስቶስ ብቻ አይደለም። ደሃና ላይ ላለ ልጅ ትልቅ ዛፍ አሳየኝ ብትሉት የሚወስዳችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። "እመጓ" እና "ዝጎራ"ን ያነበባችሁ ደራሲውን ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴን ታውቋቸዋላችሁ። እሳቸው በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ የዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከእሳቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ሥራ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን ከረገጠው ትልልቆቹ ዛፎች ያረጃሉ፣ የሚተካቸው የለም። ስለዚህ ከየማሳው የተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ ሆነ። ካቡ ደኑን ጠበቀው፣ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። ብዙ ገንዘብ አልፈለገም።

ቆላው ላይ ያለው ጉዳይ ግን የበለጠ ያሳስባል። በአውሮፓውያኑ 2019 በታተመ ጥናት የእጣን ዛፍ በአብዛኞቹ በተጠኑ ሥፍራዎች ለአሥርት ዓመታት ልጅ አልተካም። የሚታየው ሁሉ ሽማግሌ ዛፍ ነው። ምክንያቶቹ ልቅ ግጦሽ፣ ቃጠሎ እና ዕረፍት የሌለው መድማት ናቸው። በዚሁ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ነው ያሉት ተመራማሪዎቹ። የአበርገሌና የዝቋላ ሰው ይሄን ሳይንስ ሳያነብም ያውቀዋል። የሰቆጣ ተማሪ ግን ያውቀዋል ወይ? የምንጠይቀው ይሄንን ነው።

"ድሮ ሁሉም ጫካ ነበር" እውነት ነው?

ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። "ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር።" ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ "ገበሬው ጨፍጭፎ ጨረሰው" የሚል ነው። ይሄ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር ግን ከየት እንደመጣ የፈተሹ ምሁራን ጠንካራ ማስረጃ አላገኙለትም።

ወሎን በተመለከተ ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ አንድ ነገር ሠርተዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው ከ60 ዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ እያነሱ አነጻጸሩ። የጠበቁት ዛፉ ጠፍቶ ማየት ነበር። ያገኙት ግን በብዙ ቦታ ከድሮው የበለጠ ዛፍ ነው። አዎ፣ አብዛኛው በየቤቱ ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ የተፈጥሮ ደንን አይተካም። ቢሆንም "ገበሬው የዛፍ ጠላት ነው" የሚለው ወሬ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ገበሬው የእኔ ነው ባለው መሬት ላይ ይተክላል። የእኔ አይደለም ባለው ላይ ደግሞ አይጨነቅም። ይኼው ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ ያለው። በ1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን ደኑም በመንግሥት እጅ ገባ። ከዚያ ዘመን በፊት በአካባቢ ሥርዓት ይጠበቁ የነበሩ ቦታዎች ጠባቂያቸውን አጡ። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ምን ሆነ? በየቦታው "የመንግሥት" የተባለው ደን በቀናት ውስጥ ሲቆረጥ ታየ። ሰው የራሱን አልቆረጠም፤ የወደቀውን መንግሥት ንብረት ነው የቆረጠው። በእርሱ ዓይን እንደዚያ ነበር።

የመንዝ ጓሳን ታሪክ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአጽመ ርስት ባለመብቶች ሲጠበቅ የኖረ ሣር ምድር ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም እንደ ድርሻው ጓሳውን ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ጎብኚ የሚያድርበት ቤት አለ። ይሄ ሁሉ አማራ ክልል ውስጥ ነው። ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራት ወይም የመንግሥት ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ ደሃና ላይ ያለ ቀበሌ ያለማውን ተፋሰስ "የማኅበረሰብ ደን" አድርጎ የሚይዝበት በር ተከፍቷል። በር መከፈቱና በበሩ መግባት ግን አንድ አይደለም።

የዋግ ሕዝብ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ዶማና አካፋውን ይዞ ተራራ ላይ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ካብ ይክባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ያለ ክፍያ ነው። ከዚያ ቦታው "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ" ይባላል። ጥሩ ነው፤ ሣሩ ይመለሳል፣ ቁጥቋጦው ያገግማል፣ ንቡ ይመጣል። የዋግ ማር ደግሞ ራሱን ችሎ ስም ያለው ነው። ግን ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ማን ነው? ቀፎ የሚያስቀምጠው ማን ነው? ውሳኔው በስብሰባ ነው ወይስ በዝምድና? ይሄ ግልጽ ካልሆነ "ከንክኪ ነጻ" ማለት "ከባለቤት ነጻ" ማለት ይሆናል።

አሁን ይሄ የሚወራበት ጊዜ ነው ወይ?

ይሄን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ እንደምታነሱት እናውቃለን። ትክክል ናችሁ። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ሰቆጣን ጨምሮ የዋግ ሰፊ ክፍል ግንባር ነበር። ሕዝቡ ተፈናቅሏል። ጦርነቱ አቆመ ሲባል ድርቁ አበርገሌን፣ ዝቋላንና ሰሃላን መታ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ላሊበላ እንኳ እንግዳ ናፍቋት ባለችበት ሰዓት ደሃና ድረስ ቱሪስት ይመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የተፈናቀለ ሰው እንጨት ቆርጦ ቢሸጥም "ለምን ቆረጥክ" ለማለት አፍ አይኖረንም። መጀመሪያ የሚበላው ያስፈልገዋል።

ግን አንድ ነገር እንበል። እኛ አገር "ጎብኚ" ሲባል ካሜራ ያንጠለጠለ ነጭ ብቻ ነው የሚታየን። ያ ነው ስህተቱ። የደሃና ደን የመጀመሪያ ጎብኚ የአምደ ወርቅ ተማሪ ነው መሆን ያለበት። ለእሱ አውሮፕላን አያስፈልግም፣ ሎጅ አያስፈልግም። በእግሩ ይመጣል። ያው መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ትምህርት ቤቱም ተከፍቶ ማለት ነው። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆኑበት ጊዜ ይሄ "ያው" የሚባል ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባናል። ሰላም የሁሉም ነገር መጀመሪያ ነው። ሰላም ሲመጣ ግን ምን እንደምንሠራ አሁን ካላሰብን፣ ያን ጊዜም ሌላው አስቦ ይጨርስልናል።

በትልልቅ ፕሮጀክቶች ያየነውም ይሄንኑ ነው። አዲስ አበባ የእንጦጦ ፓርክ ተሠራላት፤ ከዚያ በፊት ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነበራት። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ። ለዋግ ደግሞ የደረሳት በሐምሌ 2007 የተፈረመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ የሕጻናት መቀንጨርን በአውሮፓውያኑ 2030 ለማስቆም። ዓላማው የሚመሰገን ነው። ግን ሰቆጣ በሀገር ደረጃ ስሟ የሚነሳው ከረሃብና ከመቀንጨር ጋር ብቻ መሆኑ አያሳዝንም?

ምን ይደረግ?

እኛ የምናስበው ትንሽ ነገር ነው። ትልቅ ፓርክ አላልንም።

አንደኛ፣ አንድ ቦታ ይመረጥ። አንድ ብቻ። ለዓመታት ከንክኪ ነጻ ሆኖ ያገገመ ተፋሰስ፣ አጠገቡ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ደን ያለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ፣ መሬት ሲያገግም ምን እንደሚመስልና ወዴት ሊደርስ እንደሚችል በአንድ ቀን ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ባለቤትነቱ በወረቀት ይቋጭ። ሣሩም፣ ማሩም፣ ነገ የሚመጣው የመግቢያ ገንዘብም ለማን ስንት እንደሚደርስ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይወሰንና ይጻፍ። ፍየል ያለውም፣ ፍየል የሌለውም፣ ባሏ የሞተባትም ሴት ድርሻቸው ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ የዛፎቹ ስም በኽምጣንጋና በአማርኛ ይጻፍ። ይሄ ጌጥ አይደለም። አያቶቻችን ወይራ ለማጠኛ፣ ኮሶ ለሆድ ትል፣ ዋንዛ ለከበሮ፣ ጽድ ለበርና ለማገር እንደሚሆን የሚያውቁት በስሙ ነው። ስሙ ከጠፋ እውቀቱም አብሮ ይጠፋል። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ፤ አስተማሪዎቹ ደግሞ ሽማግሌዎቹና እናቶች። የሰቆጣ የግብርና ምርምር ማዕከልም ባለሙያ አለው፤ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ክብር ይጠበቅ። የቤተ ክርስቲያን ደን መናፈሻ አይደለም። የት ይገባል፣ የት አይገባም፣ በጾምና በንግሥ ቀን ምን ይደረጋል የሚለውን የሚወስኑት ካህናቱና ምእመኑ ናቸው። እነሱ አይሆንም ካሉ አይሆንም።

አምስተኛ፣ እባካችሁ በታፔላ አንጀምር! ታፔላው ቆሞ ችግኙ የደረቀበት ቦታ ስንት ነው? በሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። እኛ መትከሉን አንቃወምም፤ የሚያስመሰግን ነው። የምንጠይቀው ከተተከለ በኋላ ያለውን ነው። በየቀበሌው ስንቱ ጸደቀ? ማን ቆጠረው? ቁጥሩስ የት ተለጠፈ? ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥተው የጸደቀውን ቢቆጥሩ ራሱ ትልቅ የተፈጥሮ ትምህርት ነው። ሒሳብም ነው። ሐቅን መናገርም ያስተምራል።

ለወረዳና ለዞን አመራሮችም ጥያቄ አለን። ደሃና ውስጥ ከንክኪ ነጻ ተብለው ከተከለሉት ቦታዎች ስንቶቹ ናቸው በስሙ የተመዘገበ ባለቤት ያላቸው? ስንቶቹስ ናቸው ባለፈው ዓመት አንድ ክፍል ተማሪ እንኳ የገባባቸው? መልሱን ይዛችሁ ብትመጡ ይሄው ገጽ ላይ እንዳለ እናወጣዋለን፤ አንድ ቃል ሳንቀንስ።

እናንተ የአካባቢው ልጆችም፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ ለመንደራችሁ ቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ መዋጮ ስትልኩ ዙሪያውን ላለው ደን ካብ የሚሆንም ነገር ጨምሩበት። ቆርቆሮ በሃያ ዓመት ይዝጋል። ጽድ ግን ገና ልጅ ነው በሃያ ዓመቱ።

ቸር ያሰማን።